ለአዳማ መንገድ የሚሆን መኪና አመራረጥ

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ አዲስ አበባ አድሮ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ ወይም አዳማ መዋል ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ቤታቸውን አዳማ አድርገው በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡም ብዙ ናቸው። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቤት እስከ መግቢያው ቱሉ ዲምቱ፣ ከመውጫው እስከ መሥሪያ ቤት ያለው ሲጨመርበት፣ ሰው በቀን ሦስት ሰዓት ያህል መሪ ይዞ ይውላል።

መኪና ስንገዛ የምንጠይቀው ግን አሁንም የከተማ ሰው ጥያቄ ነው፦ ለመሸጥ አይከብድም? መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል? ነዳጅ ይጠጣል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ቢሆንም ከቦሌ ሜክሲኮ ለሚመላለስ ሰው የሚመች መኪና፣ በየቀኑ አዳማ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ላይመች ይችላል። ደላላው የሚያሳየው መኪናውን ነው፤ እርስዎ ግን ከመኪናው በፊት መንገዱን ያስቡ፤ በተለይ ደክሞዎት ማታ የሚመለሱበትን።

በመጀመሪያ ኪሎ ሜትርዎን ይቁጠሩ

አንድ ሳምንት ሙሉ የሚሄዱበትን ርቀት በሦስት ከፍለው ይመዝግቡ፦ ከቤት እስከ ክፍያ ጣቢያው፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ፣ ከወረዱ በኋላ ከተማ ውስጥ። ከርቀቱ ጎን የፈጀውን ሰዓት ይጻፉ። ከአያት የሚነሳና ከቃሊቲ የሚነሳ ሰው መንገዳቸው አንድ ቢመስልም፣ አንደኛው ከጉዞው ሰዓት ግማሹን ሰልፍ ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ግማሹ ሰልፍ ከሆነ የሚመርጡት መኪና ይለያል።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩ። ደርሶ መልሱ 180 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በወር 22 የሥራ ቀን ሲባዛ 3,960 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በዓመት 47,500 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀየርለት መኪና በየአምስትና ስድስት ሳምንቱ ጋራዥ ይገባል። አንድ ዙር ጎማ ዓመት ቢያገለግል ነው። ከሁለት መኪኖች አንዱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ብቻ ቢቆጥብ፣ በዓመት 475 ሊትር ይሆናል። ይህን በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ ያባዙትና፣ በሻጩ "ትንሽ ጨምር" ሲባሉ ምን ያህል ቢጨምሩ እንደሚያዋጣዎት ከራስዎ ቁጥር ያገኙታል።

ነዳጁ የት እንደሚሄድ ይወቁ

ከተማ ውስጥ ነዳጅ የሚበላው መነሳትና መቆም ነው። ስለዚህ ቀላል መኪናና ትንሽ ሞተር ያዋጣል። በፍጥነት መንገድ ላይ ግን መኪናው የሚታገለው ከአየር ጋር ነው፤ የአየሩ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ በላይ ያድጋል። በሰዓት ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲጨምሩ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ የአየሩ ግፊት ግን በ44 በመቶ። በ85 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ በዚህ የሚያተርፉት ጊዜ ስምንት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅርጹን ይዩ። ዝቅ ብሎ ረዘም ያለ የቤት መኪና፣ ከፍ ብሎ ደረቱ ከሰፋው መኪና ይልቅ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሞተር ቢኖራቸው እንኳ ልዩነቱ በየቀኑ ማደያ ላይ ይታያል። ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላ ካለና የማይጠቀሙበት ከሆነ ያስፈቱት። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉዳቱ አይታወቅም፤ በ100 ግን ፉጨቱም ፍጆታውም ይታወቃል። ባለ አራት ጎማ ነጂ ከባድ መኪና ለገጠር ሥራ ካልፈለጉት በቀር ለዚህ መንገድ አይግዙ። ክብሩን የሚከፍሉት በሊትር ነው።

ያልታየው ዳገት

የአዳማ መንገድ ዳገት እንደ ዓባይ በረሃ ዓይን የሚሞላ አይደለም። አብዛኛው ሰው ሜዳ ይመስለዋል። ነገር ግን አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ መሃል አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ ከ600 ሜትር በላይ እየወጣ ነው። ከነተሳፋሪው 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪናን ይህን ያህል ከፍታ ማውጣት ብቻውን ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ሊትር ቤንዚን ይበላል። ሲወርዱ የተወሰነው ይመለስልዎታል፤ ፍሬን በረገጡ ቁጥር ግን የሚመለሰው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ራሱ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ55 ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሰው ይዞ ከተማ ውስጥ ሲዞር ይህ ምንም ማለት አይደለም። አራት ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ ከባድ መኪና ሊቀድም ሲወጣ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ነጂው ይጨነቃል፣ ነዳጁም እንደታሰበው አይቆጠብም። ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ከተረገጠ ቆጣቢነቱ ይጠፋል።

በእኔ አስተያየት ለዚህ መንገድ ከ1,300 እስከ 1,800 ሲሲ ያለው የቤት መኪና ልኩ ነው። ባለ 1.6 ወይም 1.8 ኮሮላ፣ ባለ 1.3 ወይም 1.5 ያሪስ ደህና ምርጫዎች ናቸው። ሱዙኪ ዲዛየር ባለ 1.2 ሞተር ቢሆንም ቀላል ስለሆነ ለአንድና ለሁለት ሰው ይሆናል። ባለ 1,000 ሲሲ መኪና ግን ከተማ ይቆይ።

ከሲሲው እኩል የሚያስፈልገው ካምቢዮው ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመጨረሻው ማርሽ ሲሄድ፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ስንት እንደሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ያንብቡ። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሆነ ሞተሩ ዘና ብሎ ነው የሚሠራው። ከ3,000 በላይ ከሆነ በየቀኑ ጩኸቱን ሰምተው፣ ነዳጁን ከፍለው ይኖራሉ። ባለ አራት ማርሽ የድሮ አውቶማቲክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሲቪቲ ወይም ባለ ስድስት ማርሽ ይሻላል።

ሃይብሪድ ሲቀርብልዎ ይህን ይወቁ፦ ትልቁ ጥቅሙ ፍሬን በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ ቆጣቢነቱ ባይጠፋም ይቀንሳል። ከጉዞዎ ግማሹ ሰልፍ ከሆነ ያዋጣል፤ የባትሪውን ጤንነት የሚመረምር ባለሙያ ሳያሳዩ ግን እጅዎን ወደ ኪስዎ አይስደዱ።

ፍጆታውን ራስዎ ይለኩ

ሻጭ "በሊትር 20 ይሄዳል" ሲል መዋሸቱ ላይሆን ይችላል፤ የሰማውን እየደገመ ነው። ከጃፓን የሚመጡ መኪኖች ለዓመታት ሲመዘኑበት የኖሩት ጄሲ08 የተባለው ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ 82 አይሞላም። ይህ ቁጥር ስለ አዳማ መንገድ ብዙ አይነግርዎትም።

የሚነግርዎት ቀላል መንገድ አለ። ማለዳ አንድ ማደያ ገብተው ቧንቧው በራሱ "ቀጭ" ብሎ እስኪያቆም ያስሞሉ፤ ከዚያ በላይ ቀጂው ጠብታ እንዳይጨምር ይንገሩት። የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ያድርጉ። ሄደው ይመለሱ። በዚያው ማደያ፣ ቢቻል በዚያው ቧንቧ፣ መኪናውን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደገና እስኪያቆም ያስሞሉ። 184 ኪሎ ሜትር ሄደው 11 ሊትር ቢገባ፣ መኪናው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 6 ሊትር፣ በእኛ አነጋገር በሊትር ከ16 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ደርሶ መልስ መሆን አለበት። ወደ አዳማ ሲወርድ ብቻ የተለካ መኪና ሁሉ ቆጣቢ ነው።

ገና ያልገዙትን መኪና እንዲህ መለካት ይከብዳል፤ ሻጩም ላይፈቅድ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ያው ሞዴልና ያው ሞተር ያለው የሥራ ባልደረባ ፈልገው፣ ነዳጁን እርስዎ ችለው አብረው ይለኩ።

መቀመጫው

ብዙ ሰው ሞተሩን ለመስማት ኮፈን ያስከፍታል እንጂ ወንበሩን አይመረምርም። በቀን ሦስት ሰዓት የሚገናኙት ግን ከወንበሩ ጋር ነው፤ ከዓመት በኋላ ወገብዎን የሚያሳምምዎት ወይም የማያሳምምዎት እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አይቸኩሉ።

መጀመሪያ የወንበር ልብሱን ያስወልቁ። ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የሚለብሰው አዲስ የቆዳ መሰል ልብስ ከሥሩ የተቀመጠውን ስፖንጅ ይደብቃል። በመዳፍዎ የነጂውን ወንበር መሃል ተጭነው፣ ከዚያ የተሳፋሪውን ይጫኑ። የነጂው በጣም ከሰመጠ መኪናው ብዙ እንደተነዳ ይጠርጥሩ፤ መቁጠሪያው ያነሰ ቢያሳይ እንኳ። በወንበሩ ጎን ኤርባግ ያለበት መኪና ከሆነም፣ ደፍኖ የተሰፋ ልብስ ኤርባጉ እንዳይወጣ ሊያግደው ይችላል።

አሁን ይቀመጡ። ዳሌዎ እስከ መደገፊያው ጥግ ይግባ። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ መታጠፍ አለበት እንጂ መወጠር የለበትም። ትከሻዎን ከመደገፊያው ሳያነሱ ክንድዎን ወደ መሪው ሲዘረጉ፣ የእጅ አንጓዎ መሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ካልደረሰ መሪው ወደ እርስዎ የሚሳብ መሆኑን ይሞክሩ። ብዙ ትናንሽ መኪኖች መሪያቸው ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይንቀሳቀስም። ቁመተ ረጅም ሰው በእንደዚህ ዓይነት መኪና ውስጥ ወይ እግሩን አጥፎ ወይ ጀርባውን አጉብጦ ይነዳል፤ ለአሥር ደቂቃ ችግር የለውም፣ ለሁለት ዓመት ግን አይሆንም። የጭንዎ ሥርም በወንበሩ ይደገፍ፤ ወንበሩ አጭር ከሆነ ጭነቱ ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቃል።

ቢያንስ አርባ አምስት ደቂቃ ሳይወርዱ ይንዱት። መጥፎ ወንበር በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ራሱን አይገልጥም።

ድካም የሚመጣው ከወንበር ብቻ አይደለም። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከኋላ ከተቀመጠ ሰው ጋር ድምፅዎን ሳያነሱ ማውራት ከቻሉ መኪናው ጸጥ ያለ ነው። መጮኽ ካለብዎ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ከሥር የሚመጣ ከሆነ ጎማው ወይም ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። ከበር የሚመጣ ከሆነ አንድ ወረቀት በሩ ላይ አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ የበሩ ጎማ አልቋል፤ ይህ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል። ኤሲውም በደንብ መሥራት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ቅንጦት ይመስላል፤ ከሞጆ በታች በቀትር ግን መስኮት ከፍቶ በ100 መሄድ ነዳጅም ጆሮም ይጎዳል። ፍጥነትን በራሱ የሚይዝ ክሩዝ ኮንትሮል ካለው ይምረጡት፤ ቀኝ እግርዎ ይመሰክርለታል።

ንፋስና ጎማ

አዳማ አቅራቢያ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የተተከሉት አካባቢው በእርግጥ ነፋሻ ስለሆነ ነው። ከጎን የሚመጣው ንፋስ ከፍና ጠበብ ያለን፣ ቀላል መኪና ወደ ሌላ ረድፍ ይገፋል። ከባድ መኪና አጠገብ ሲያልፉ ንፋሱ ለአፍታ ይቋረጥና እንደገና ይመታዎታል። ስለዚህ ሲሞክሩት መሪውን በቀላሉ ይዘው፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደሆነ ወይስ ያለማቋረጥ ማረም የሚፈልግ እንደሆነ ይዩ። የሚዋልል ከሆነ አሞርዛቶሪው፣ አላይመንቱ ወይም መኪናው ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይስተካከላሉ።

ጎማ ላይ ሰው ብዙ ይታለላል። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አይባልም። ከጎኑ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፦ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ ምንም ያህል ቢያምር በፍጥነት መንገድ ላይ አልነዳበትም። መኪና ለማሳመር ሲባል የተቀየረ ትልቅ ቸርኬና ሰፊ ጎማም ነዳጅ ይጨምራል፣ ጉድጓድም ያሰማል። ፋብሪካው የወሰነው ልክ የነጂው በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ የሚሞላው ንፋስም እዚያው ተጽፏል። ጎሚስታው በእግሩ ረግጦ "ደህና ነው" ቢልዎ በመለኪያ እንዲያየው ይጠይቁት፤ ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ውስጡ ይግላል፤ በጠራ መንገድ ላይ የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ያለው ነው።

ኤሌክትሪክ ይሁን?

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ ምርጫው በመሠረቱ ሁለት ሆኗል፦ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ የነዳጅ መኪና፣ ወይም ኤሌክትሪክ። ለዚህ መንገድ ኤሌክትሪክ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም። ጸጥታውም ከማንኛውም ሞተር ይሻላል። ወጪውም ቤት ሆነው ከሞሉት በእጅጉ ይወርዳል። ነገር ግን ቁጥሮቹን ሳይሠሩ አይግቡበት።

ከቻይና የመጣ መኪና ወረቀት ላይ የሚያዩት ርቀት ሲኤልቲሲ በተባለ ፈተና የተገኘ ነው። የፈተናው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለአዲስ አበባ ሰልፍ እንጂ ለአዳማ መንገድ አይደለም። በርቀቱ ፈንታ የባትሪውን መጠን በኪሎዋት ሰዓት ይጠይቁ። መካከለኛ መጠን ያለው ኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ከ16 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በ18 ብናስበው ደርሶ መልሱ 32 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ባትሪው ከዓመታት በኋላ ከአቅሙ 15 በመቶ ያህል ቢያጣ፣ ለድንገተኛ ደግሞ 20 በመቶ ቢቀመጥ፣ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሆነ ባትሪ ለዚህ መንገድ ጠባብ ነው። ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓቱ ቢዋይዲ ሲገል ለከተማ ቆንጆ መኪና ነው፤ በየቀኑ አዳማ ለመመላለስ ግን እዚያ ደርሰው የሚሞሉበት አስተማማኝ ቦታ ያስፈልግዎታል። የቮልስዋገን አይዲ 4 በተለያየ የባትሪ መጠን ይመጣል፤ ትልቁ ከ80 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፣ ትንሹ 60 አይሞላም። ስሙ አንድ ነው፤ የሚገዙት ግን ሁለት የተለያየ መኪና ነው።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። ማለዳ ሲወርዱ ባትሪው ትንሽ ነው የሚቀንሰው፤ አዳማ ሲደርሱ ብዙ የተረፈ ይመስላል። መመለሻው ግን ያንኑ 600 ሜትር ከፍታ ያስከፍላል፤ ከነተሳፋሪው 1,800 ኪሎ ለሚመዝን መኪና ይህ ለከፍታው ብቻ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በመውረጃው ፍጆታ መመለሻውን አይገምቱ።

ከዚያ ቤትዎን ይዩ። ተራ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲሠራ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። የቀኑን ጉዞ ለመተካት 15 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ማታ ገብተው ማለዳ ለሚወጡ አይበቃም። 32 አምፔር የሚችል የራሱ መስመር ሲዘረጋለት ግን አምስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት የቤትዎ ቆጣሪና ሽቦ ይህን መቻሉን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስመርምሩ። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረው፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ድረስ መስመር ማድረስ መቻልዎን በጽሑፍ ያረጋግጡ። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ምን እንደሚያደርጉም አስቀድመው ይወስኑ፤ ትልቅ ባትሪ የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው።

የባትሪውንም ዓይነት ይጠይቁ። ኤልኤፍፒ የሚባለው በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ ብዙ አይጎዳም። ኤንኤምሲ ከሆነ ግን ለዘወትር 80 በመቶ ላይ ማቆም ይመከራል፤ ስለዚህ የሚጠቀሙበትን አቅም በዚያ ልክ ቀንሰው ያስቡ። የመሙያው ሶኬት ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ ይሁን ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ2፣ በሚሄዱበት ከተማ ካለው መሙያ ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ይዩ።

ሳይገዙ በፊት አብረውት ይሂዱ

ሁለት ወይም ሦስት መኪና ከቀረልዎ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ቢያንስ ቢሾፍቱ ደርሶ መመለስ። ነዳጁንም የመንገዱንም ክፍያ እርስዎ ይቻሉ። ሠፈር ውስጥ ሁለት ዙር ዞሮ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለዚህ መንገድ መኪና አልፈተነም። "አይሆንም" ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።

ከመነሳትዎ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅዎ አረጋግጠው ራስዎ ያስነሱት። ቀድሞ የሞቀ መኪና ብዙ በሽታ ይደብቃል። ከ90 እስከ 100 ባለው ፍጥነት መሪው ከተንቀጠቀጠ ባላንስ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከተንቀጠቀጠ የፍሬኑ ዲስክ ነው። ፍጥነት ሲጨምር እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ ኩሽኔታን ያሳያል። ሲመለሱ ኤሲውን ከፍተው፣ ሰዎች ጭነው፣ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ፤ ከመሃል ከፍ ካለ ወዲያው ያቁሙ። ዳገት ላይ የሚሞቅ መኪና የራዲያተር ጉዳይ ብቻ ነው ቢባሉም፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ በባለሙያ ሳይታይ አይዋዋሉ።

ከዚያ የራስዎ መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ከፍ አድርጎ ከሥር ይየው። ከሻጩ ጋር የመጣ መካኒክ አይሁን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣሩ። ገንዘቡ ባንክ ለባንክ ይተላለፍ፤ ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይፈጸም።

መኪናው በስምዎ እንደዞረ በዚያው ሳምንት የሞተር ዘይቱን ከነፊልትሮው፣ የራዲያተር ውኃውን በኩላንት፣ የፍሬን ዘይቱንም ያስቀይሩ፤ የካምቢዮ ዘይቱንም ያሳዩ። የቀድሞው ባለቤት በቅርቡ ቀይሬዋለሁ ቢልም ቀኑን የሚነግር ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ጋቢናው ውስጥ አንድ ደብተር ያስቀምጡ፤ ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ይጻፉበት። ፍጆታው በየ100 ኪሎ ሜትሩ ያለ ምክንያት ግማሽ ሊትር ከፍ ያለ ቀን መጀመሪያ የጎማ ንፋስ፣ ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ፣ ከዚያ ካንዴላ ያሳዩ።